ከፀሐይ በኋላ ሲዘንብ ብቻ የሚያፈስ ቆርቆሮ

ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «ሳምንቱን ሙሉ አየሩ ሲለዋወጥ ከረመ። ሰኞና ማክሰኞ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ አንድ ጠብታ አልገባም። ከረቡዕ ጀምሮ ግን ረፋዱ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ከሰዓቱ ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ ሆነና ኮርኒሱ ራሰ። ጣሪያው ቋ፣ ቋ ይላል። ከዚህ በፊት በሬንጅና በሲሊኮን አስደፍኜው ነበር። ቆርቆሮውን ልቀይር?»

አይቀይሩ። እኔ የምጠረጥረው ሚስማሩን ነው። ቆርቆሮው ተበስቶ ቢሆን ኖሮ ካፊያውም ይገባ ነበር። ያ ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ደግሞ ነገሩን ያጋልጠዋል።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። አንድ ሜትር ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ምንም አይመስልም አይደል? 6 ሜትር ቆርቆሮ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ግን 3 ሚሊሜትር ገደማ ይለጠጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ደግሞ 60 መድረሱ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ዶፉ ሲወርድበት በደቂቃዎች ውስጥ ይኮማተራል። ከሥሩ ያለው እንጨት በዚያ ፍጥነት አብሮት አይሄድም። መሃል ገብቶ የሚጎተተው ሚስማሩ ነው። በየቀኑ ወዲህና ወዲያ ሲባል ቀዳዳው ይሞላልላል፣ ሚስማሩም ቀስ እያለ ከእንጨቱ ይወጣል። ጭንቅላቱ ትንሽ ከፍ ካለ፣ ከሥሩ ያለው ውሃ የሚከለክል ጎማ ቆርቆሮውን መጫኑን ይተዋል። ካፊያ በሸንተረሩ ፈሶ ያልፋል። ነፋስ ያለበት ዶፍ ግን የላላውን ቆርቆሮ ያነሳና ውሃውን በጎማው ሥር ይገፋል።

ወደ ሥራው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ። ደመናማ፣ ደረቅና ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይጠብቁ፤ መሰላሉን በገመድ ይሰሩት። ሲራመዱ የሚስማሩን መስመር ይርገጡ፣ ሥሩ እንጨት አለ። ኮርኒሱ ከራሰበት ቦታ በላይ፣ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ይፈልጉ፤ ውሃ እንጨት ይዞ ርቆ ነው የሚንጠባጠበው።

የላላውን ሚስማር መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፣ በሳምንቱ ይወጣል። ከመዶሻው ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው ይንቀሉት። በዚያው ቀዳዳ ወፈር፣ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ብሎን ሰፊ ጎማ ካለው ዋሸር ጋር ያስገቡ። ጎማው ትንሽ ጨፍለቅ ሲል ያቁሙ። ካጠበቁት ይሰነጠቃል። እንጨቱ በስብሶ ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ግን መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየራል።

ስለ ጎማው ልናገር። ርካሹ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ሲገዙ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ተጨፍልቆ ካልተመለሰ ይተዉት።

ያ ሬንጅ የለበጠልዎ ሰው ደግሞ ሥራ አብዝቶብዎታል። ሬንጅ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቅና ውሃ ያቁራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮንም የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። ሁለቱንም ፍቀው ያንሱ። ማሸጊያ የግድ ካስፈለገ ለብረት የሚሆነውን፣ ኮምጣጤ የማይሸተውን ይጠይቁ።

ሲጨርሱ በውሃ ጎማ ይሞክሩት። ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ እየቆዩ፤ አንድ ሰው ከውስጥ ይመልከት። ውሃውን የሚያጠጡት መሰላል ላይ ሆነው ነው። ደግሜ እላለሁ፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ፤ «አንዲት ሚስማር ብቻ ቀረችኝ» ብለውም ቢሆን።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከገባ፣ ቆርቆሮዎቹ የሚደራረቡበትን ጠርዝ ይመልከቱ። አንድ ሸንተረር ተኩል ያህል ካልተነባበረ ችግሩ እዚያ ነው።