የድሮው የቤት ስልክ መስመር ለኢንተርኔት ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ። እናትሽ አራት ኪሎ ይኖራሉ፣ አሜሪካ ካለው ወንድምሽ ጋር ለማውራት የሚሞላላቸው የሞባይል ፓኬጅ ቶሎ ያልቅባቸዋል፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የድሮ የቤት ስልክ አለ። «በሱ ኢንተርኔት ባስገባ ይረክሳል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ፒያሳ ነው ያደግኩት። ከዳያል አፕ ዘመን ጀምሮ በዚህ ነገር ብዙ ስለተቸገርኩ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

ያኔ ሞደሙ ራሱ ስልክ ይደውላል፣ ይጮሃል፣ ከቀናሽ ይገናኛል። ሂሳቡ በደቂቃ ነው። በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ይባላል እንጂ እኛ ቤት 40 ከደረሰ ተመስገን ነበር። በዚያ ፍጥነት 3 ሜጋ ባይት ፎቶ 10 ደቂቃ ይፈጃል። አባቴ ሳሎን ያለውን ስልክ ካነሳ ደግሞ ይቋረጣል። ስለዚህ ኢሜላችንን ሳንገናኝ ጽፈን እንጨርስና፣ ገብተን ልከን ወዲያው እንወጣ ነበር። ይቺ ልማድ ዛሬም ብር ታድናለች።

የእናቴ ፓኬጅ በሦስት ቀን ሲያልቅ ስልኳን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥሪው አልነበረም የጨረሰው። ቴሌግራም የቤተሰብ ግሩፑን ቪዲዮ በሙሉ ራሱ እያወረደ ነበር። ራሱ ማውረዱን አጠፋሁት። አፕሊኬሽኖች በዳታ እንዳይታደሱም ዘጋሁ። ዋትስአፕም ቴሌግራምም ላይ ለጥሪ ትንሽ ዳታ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ እሱን አብሪው። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ይበላል። እናት ግን የልጇን ፊት ማየት ትፈልጋለች፣ ይሄን አትከልክያቸው። እኛ ሰላምታውን በቪዲዮ፣ ወሬውን በድምፅ እናደርጋለን።

አሁን ወደ መስመሩ። ከመክፈልሽ በፊት ስልኩን አንሺና አንድ ቁጥር ብቻ ንኪ። ድምፁ ጸጥ ሲል አዳምጪ። ጭርር ወይም ሽሽ የሚል ካለ ሽቦው ታሟል። እኛ ቤት ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰው ሞደም ቀይሩ ብሎን ገዛን፣ ምንም አልተለወጠም። በኋላ ጣሪያው ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ አገኘሁ። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚቋረጠው ለካ በሱ ነው! ያንን ቆርጠን በአዲስ ስንተካ ዳነ።

ሌላው ስፕሊተር የሚባለው ትንሽ መለያ ነው። የስልክ ድምፅና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ፣ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይሄዳሉ። ስፕሊተሩ ይለያቸዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ስልክ ሲነሳ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም። ሰፈሩ ፋይበር (በመዳብ ፈንታ የመስታወት ገመድ) ከደረሰው ግን እሱን ምረጪ፣ የመዳብ ጣጣ የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለሽ ቤቱ ድረስ የትኛው እንደሚገባና የዛሬውን ዋጋ ጠይቂ።

ትልቁን ፍጥነት ውሰዱ ቢሉሽ አትቸኩይ። አንድ የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት አይፈጅም።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። እናትሽ ብቻቸውን ከሆኑ ስልካቸውን አስተካክለሽ በወርሃዊው የሞባይል ፓኬጅ ይቀጥሉ። የልጅ ልጆች አብረዋቸው ካሉ ግን ያለ ገደብ የሆነው የቤት ኢንተርኔት ይረክሳል። ለማንኛውም መስመሩን ዛሬ አዳምጪና የሰማሽውን እዚሁ ጻፊልኝ።