መልስ፦ በስልክ የሚታዘዝ የቡና ምድጃ ሠርቼ ማንም አልፈለገውም፤ ልቀጥልበት?

እንዲሁ አትቀጥልበት። ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናው አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ ከሩቅ ማጥፋቱ ምን ያደርግላታል? ሰርኪዩቱን (የኤሌክትሪክ ክፍሉን) ግን አትጣለው፤ ለሌላ ሥራ ይሆንሃል።

1. ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ፈልግ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ከጠፋ በብርድ ያልቃል።
2. የምድጃህን ሙቀት መለኪያ በባትሪ አድርገህ ሙቀቱ ሲወርድ ስልክ እንዲደውል አድርገው። ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ ሲም ካርድ ይግባበት።

የአሜሪካው የጭማቂ ማሽን ኩባንያ ጁሴሮ እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. የተዘጋው፣ የ400 ዶላር ማሽኑ የሚጨምቀው የፍራፍሬ ከረጢት በእጅም እንደሚጨመቅ ከታየ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የጓደኛ «ዋው!» አያታልልህ። እኔ በድምፅ የሚበራ አምፖል ስሠራ ስድስት ወር ፈጀሁ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። እናቴ ግን «እጄ ምን ሆነ?» ብላ ማብሪያውን ተጫነችው።