ከፒኤስኢ ምልክቱ አጠገብ የማን ስም ተጽፏል? ስለ ጃፓን ገበያ ጥያቄና መልስ

የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደ ጃፓን ለማስገባት ያሰቡ ሰዎች ስለ ደህንነት ምልክት ደጋግመው ይጠይቁኛል። ለአስመጪዎች ሰነድ ሳዘጋጅ ዓመታት ስለቆየሁ፣ ዛሬ ጥያቄውን ለሁሉም ክፍት አድርጌ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመሠረቱ ቢጀምሩልን፤ ፒኤስኢ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚይዘው የደህንነት ምልክት ነው። መሠረቱ በ1961 የወጣው የቁጥጥር ሕግ ነው። ያ ሕግ ተሻሽሎና ስሙ ተለውጦ ከኤፕሪል 2001 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደህንነት ሕግ ሆኗል። የሚያስፈጽመው የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ነው። ከለውጡ በፊት አደገኛ ለሚባሉት ዕቃዎች መንግሥት ራሱ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ዕቃው መመዘኛውን ማሟላቱን ማረጋገጥና መዝግቦ መያዝ ያለበት አምራቹ ወይም አስመጪው ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ይህን ለውጥ ባለማስተዋል ነው።

ጥያቄ፦ ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ዕቃ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሕጉ የሚመለከታቸው የዕቃ ዓይነቶች 457 ናቸው። ከነዚህ 116ቱ በተለይ አደገኛ ተብለው የተለዩ ስለሆኑ፣ በሹል ጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ይይዛሉ። ገመድ፣ ስፒና፣ ፊውዝ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተር፣ የማሳጅ ማሽን እዚህ ናቸው። የቀሩት 341 ክብ ምልክት አላቸው፤ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ማራገቢያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የኤልኢዲ አምፖል ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ በምርመራው ነው። ባለ ማዕዘኑን ለመለጠፍ የተመዘገበ መርማሪ ተቋም ዕቃውን ፈትሾ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ወረቀቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ እንደ ዕቃው ዓይነት 3፣ 5 ወይም 7 ዓመት ያገለግላል። ክቡን አስመጪው በራሱ ማረጋገጫ ይለጥፋል። ይሁንና «በራሱ» ሲባል እንዲያው በቃል ማለት አይደለም። የፍተሻ ውጤቱ በእጁ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው አዳፕተሩ ፒኤስኢ አለው ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ምልክቱ በግልጽ ይታያል። ገዝቼ ላስገባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ፎቶውን አጉልተህ ተመልከት። ከምልክቱ አጠገብ የማን ስም ተጽፏል? ሕጉ ከምልክቱ ጋር ለሚኒስቴሩ ራሱን ያሳወቀው አምራች ወይም አስመጪ ስም እንዲጻፍ ያዛል። ባለ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ የመርማሪው ተቋም ስም ይጨመራል። ፎቶው ላይ ያለው የሌላ አስመጪ ስም ከሆነ፣ ያ ምልክት የዚያ ሰው ቃል ነው። አንተ የምታስገባው ዕቃ መልኩ አንድ ቢሆንም፣ ከዚያው የማምረቻ መስመር ቢወጣም፣ በእሱ ስም መሸጥ አትችልም።

ማድረግ ያለብህ ይህ ነው። ሥራውን በጀመርክ በ30 ቀን ውስጥ በአስመጪነት ለሚኒስቴሩ ታሳውቃለህ። ፋብሪካው የምስክር ወረቀቱን ሕጋዊ ቅጂ እንዲሰጥህ ታደርጋለህ፤ ተራ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። እያንዳንዱ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ውጫዊ አካሉ መታየቱን፣ ኃይል ተለቆበት መሥራቱን፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሰጠው መከለያው መቋቋሙን የሚያሳይ መዝገብ ትቀበላለህ። ለአብዛኛው ዕቃ ይህ ፍተሻ ናሙና አይደለም፤ የሚደረገው በአንድ በአንድ ነው። መዝገቡን ከፍተሻው ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ታስቀምጣለህ። ከዚህ በኋላ ስምህ ከምልክቱ አጠገብ ይታተማል።

ሙሉ ጭነት አስገብቶ፣ በሌላ ሰው ስም የታተመ መሆኑን መጋዘን ከደረሰ በኋላ ያወቀ ነጋዴ አጋጥሞኛል። ዕቃው ጥሩ ነበር፣ ፍተሻውንም አልፎ ነበር። ግን ለዕቃው የሚጠየቅ ሰው በሕግ ፊት አልነበረም። ስለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁሌም የምጨነቀው።

ጥያቄ፦ ዕቃችን የአውሮፓው ሲኢ ምልክት አለው። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሲኢ በጃፓን ሕግ ቦታ የለውም። ሆኖም ድካማችሁ ከንቱ አይሆንም። የጃፓን መመዘኛ ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛዎች ጋር የተጣጣመ መንገድም ስላለው፣ የነበረውን የፍተሻ ሪፖርት ይዞ የጃፓንን ልዩነቶች ብቻ ጨምሮ ማስፈተሽ ይቻላል።

ልዩነቶቹን ግን አትናቁ። የጃፓን ቤት 100 ቮልት ነው። 1000 ዋት የሚፈልግ ማሞቂያ በ230 ቮልት የሚስበው 4.3 አምፔር ገደማ ሲሆን በ100 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። ገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በጅረቱ ስኩዌር ልክ ነው። ስለዚህ ያው ቀጭን ገመድ ከ5 እጥፍ በላይ ይሞቃል ማለት ነው። ለአውሮፓ የተሠራ ገመድ ላይ ስፒናውን ብቻ ቀይሮ መላክ እሳት መላክ ነው።

ድግግሞሹም እንደ አካባቢው ይለያያል። ቶኪዮ ያለበት ምሥራቁ 50 ኸርዝ፣ ኦሳካ ያለበት ምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመን፣ ኦሳካ የአሜሪካ ጄኔሬተር ስለገዙ እስከ ዛሬ እንደተለያዩ ቀርተዋል። ሞተር ያለው ዕቃ ከሆነ በሁለቱም ይፈተሽ።

ጥያቄ፦ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ልሸጥ ነው። ምልክት ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ማራገቢያው ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አያስፈልገውም። ሣጥኑ ውስጥ አዳፕተር ከጨመርሽ ግን አዳፕተሩ ባለ ማዕዘኑን ምልክት ይፈልጋል፣ እህቴ። አዳፕተሩን ትተሽ ብትሸጪ ይቀልሻል።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክስ?

መልስ፦ ያስፈልገዋል፤ ክቡን። ፓወር ባንክ እንደ ሊቲየም አዮን ባትሪ ተቆጥሮ ሕጉ ውስጥ የገባው በፌብሩዋሪ 2018 ነው፤ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜው ካለቀበት ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ያለ ምልክት መሸጥ ተከልክሏል። ስልክ ውስጥ ተገጥሞ የሚገባ ባትሪ የዕቃው አካል ተደርጎ ስለሚታይ ለብቻው ምልክት አይጠየቅበትም። ለብቻው የሚሸጥ መለዋወጫ ባትሪ ግን ይጠየቅበታል።

ባትሪን በተመለከተ የራሴን ምክር ልጨምር። ምልክት መኖሩን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ ውስጡ ያለው ሴል ፍተሻውን ካለፈው ሴል ጋር አንድ መሆኑን ከፋብሪካው በጽሑፍ ተቀበሉ። ናሙናው በአንድ ሴል አልፎ ጭነቱ በርካሽ ሴል ከተሞላ፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠራው በምልክቱ አጠገብ ያለው ስም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ከውጭ ሆኜ በኢንተርኔት ገበያ በቀጥታ ለጃፓን ደንበኛ እልካለሁ። አስመጪ የለኝም። ሕጉ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ቀድሞ ክፍተት ነበር። ገዢው ለራሱ የሚያስገባ ግለሰብ፣ ሻጩ ደግሞ ከድንበር ውጭ ስለሆነ ተጠያቂ ይጠፋ ነበር። በ2024 የጸደቀውና ከዲሴምበር 25 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን ዘግቷል። አሁን እርስዎም ለሚኒስቴሩ ያሳውቃሉ፤ ጃፓን ውስጥ የሚኖር ኃላፊም ይሰይማሉ። ይህን ያላደረገ ሻጭ ዕቃው ከገበያው ገጽ እንዲነሳ ሊጠየቅበት ይችላል። ብዙ ሻጮች በዚህ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ሕጉን እደግፋለሁ። የተቃጠለ ቻርጀር የገዛ ሰው አቤት የሚልበት ሊያጣ አይገባም።

ጥያቄ፦ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ አሮጌ አምፕሊፋየሮች ላይስ?

መልስ፦ ይህ አንድ ጊዜ አገር ያነጋገረ ጉዳይ ነው። በ2001 ሥራ ላይ ከዋለው ሕግ ጋር ለብዙ ዕቃዎች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ በማርች 2006 መጨረሻ ሲያበቃ፣ ምልክት የሌላቸው አሮጌ መሣሪያዎች መሸጥ ሊከለከል ሆነ። ሙዚቀኛው ሪዩዪቺ ሳካሞቶና ባልደረቦቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሚኒስቴሩም ብርቅ ለሆኑ አሮጌ መሣሪያዎች የተለየ መንገድ አበጀ። በ2007 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ የድሮው ሕግ ምልክት ያለበት ዕቃ ፒኤስኢ እንዳለው ተቆጠረ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከጀርባው የድሮው ምልክት ካለበት አይቸገሩም።

ጥያቄ፦ ድምፅ ማጉያችን ብሉቱዝ አለው። ፒኤስኢ ይበቃዋል?

መልስ፦ ሬዲዮ የሚለቅ ዕቃ በሬዲዮ ሕጉ የሚጠየቅ ሌላ ምልክት አለው። ጃፓኖች ጊቴኪ ይሉታል። ይህ ምልክት የሌለው መሣሪያ ሥራ ላይ ሲውል በሕጉ የሚቀጣው ተጠቃሚው ስለሆነ ደንበኛችሁን ወደ ችግር አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ስቲከር ብንለጥፍስ? ወይስ ሣጥኑ ላይ ብናትመው?

መልስ፦ ስቲከር ይቻላል፤ በቀላሉ የማይጠፋና በዕቃው በራሱ ላይ በሚታይ ቦታ የተለጠፈ ይሁን። በጥቅሉ ሣጥኑ ላይ ብቻ ማተም አይበቃም። ገመድን በመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች ላይ ቅርጹ ስለማይገባ ፊደሎቹን በቅንፍ አቅፎ መጻፍ ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ ቅጣቱ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ለግለሰብ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን። ለድርጅት እስከ 100 ሚሊዮን የን ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ነገ ከፋብሪካ ጋር ስብሰባ አለኝ፤ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የምስክር ወረቀቱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የፋብሪካ አድራሻ ዕቃው በእርግጥ ከሚመረትበት ቦታ ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ከዚያ የስያሜ ሰሌዳውን ንድፍ ያስወጡና የእርስዎ ስም የሚታተምበት ቦታ በጣትዎ ያሳዩዋቸው።