አባታችን ከሰው መሸሽ ጀመሩ

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደነድን የአንጎል ሕመም) ከተባሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለዚሁ ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ የሚባለውን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዳያያቸው ብለው እድርም ማኅበርም ትተዋል። ፊታቸው አይፈታም፤ ስንጠይቃቸው «ደኅና ነኝ» ብቻ ይላሉ። በሽታውን መቀበል አቅቷቸው ነው ወይስ ሌላ ሕመም መጣ? (ልጃቸው፣ ከደሴ)

መልስ፦ ፊታቸው ስላልተፈታ ብቻ ከፍቷቸዋል አትበሉ። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻን ስለሚያደነድን ሳይከፋቸውም የተኮሳተሩ ይመስላሉ። በቀጥታ ጠይቋቸው፦ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብ ይጥምዎታል? ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር አሁንስ? አብዛኛውን ቀን እየከፋቸው ሁለት ሳምንት ካለፈ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ራሱ የፓርኪንሰን አካል ነው፤ አንዳንዱን ሰው መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ ዓመታት ቀድሞ ይይዘዋል። የእምነት ወይም የወኔ ማነስ አይደለም፣ ይታከማል።

በሰዓት የሚመጣ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቡ፦ ኪኒን የዋጡበት፣ የበሉበት፣ የተጨነቁበት ሰዓት። ጭንቀቱ ቀጣዩ ኪኒን ሊደርስ ሲል መጥቶ ከዋጡ በኋላ የሚለቃቸው ከሆነ የመድኃኒቱ ጉልበት ቶሎ እያለቀባቸው ነው። ደብተሩን ለሐኪማቸው አሳዩ፤ ሰዓቱን ወይም መጠኑን ያስተካክላል። ኪኒኑን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮም ጭምር አብሮ ሲበላ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል።

ለድባቴው እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት። ለማቅለሽለሽ ፕላዚል፣ ለመረበሽ ሃሎፔሪዶል ሊሰጣቸው ሲል ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ሁለቱም ያብሱባቸዋል። ጸበል ቢሄዱም ኪኒኑ አብሯቸው ይሂድ። በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና መገተር አምጥቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

መደበቁ ራሱ መንቀጥቀጡን ያብሳል፤ ሰው አየኝ ብሎ መጨነቅ እጅን ይበልጥ ያንቀጠቅጣልና። ስለዚህ ለአንድ የቅርብ ወዳጃቸው «ፓርኪንሰን ስላለብኝ ነው» ብለው ይንገሩት፣ እድር ሲሄዱም እሱ አብሯቸው ይቀመጥ። መድኃኒቱ በደንብ በያዘበት፣ ብዙ ጊዜ ከዋጡ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይውጡ። ቡና በሲኒ ሳይሆን ጆሮ ባለው ከበድ ያለ ኩባያ፣ ግማሽ ብቻ ይቀዳላቸው። በሚችሉት መጠን በየቀኑ 30 ደቂቃ ይራመዱ፤ ለስሜታቸውም ለሰውነታቸውም ይረዳል።

«ሞት በገላገለኝ ይሻላል» ዓይነት ንግግር ከሰማችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፣ ኪኒኖቻቸውንም እናንተ ያዙ።