«በክረምት ይደርቃል» ሲባል

ጥያቄ፦ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፍልዎ። ችግኝ አፈላለሁ። ስለ ሌስፔዴዛ አንድ የአማርኛ ማብራሪያ አገኘሁ፦ «የጥራጥሬ ቤተሰብ የሆነ የምሥራቅ እስያ ቁጥቋጦ ነው። በበልግ ያብባል፣ በክረምት ይደርቃል፣ በፀደይ ያቆጠቁጣል።» በክረምት የሚደርቅ ተክል አለ ብል ሐይቅ ላይ ማን ያምነኛል? የተበላሸው ተክሉ ነው አማርኛው?

መልስ፦ ተክሉስ ደህና ነው። ተርጓሚው የፈረንጆቹን አራት ወቅቶች ከኛዎቹ ጋር አንድ ለአንድ ገጥሟቸው ነው። ክረምት ለኛ ዝናብ ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። ሌስፔዴዛ ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ብርድ የሚመታው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ያኔ እኛ በጋ ላይ ነን።

በልግ ደግሞ ይብሳል። የወሎ ደገኛ በልግ ሲሉት ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዝናብ፣ የሚዘራውንም ገብስ ነው የሚያስበው። ይህ አበባ ግን የሚደምቀው መስከረም አካባቢ፣ አደይ በምታብብበት ሰሞን ነው። ጃፓኖች «ሀጊ» ይሉታል፤ ከሰባቱ የመፀው ዕፅዋታቸው አንዱ ነው። አዎ፣ «መፀው» የሚል የራሳችን ቃል እያለ በልግን ማስጨነቅ ምን አመጣው?

«ፀደይ» በዘመን አቆጣጠራችን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሆነ ትክክል ነው። ችግሩ፣ ግማሹ አንባቢ ፀደይ ሲባል መስከረም ነው የሚመጣለት። እኔ ብሆን ወቅቶቹን ትቼ ወራቱን እጽፍ ነበር፦ «መስከረም ገደማ ያብባል፣ በብርዱ ወራት ይደርቃል፣ ሚያዝያ ላይ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«ቁጥቋጦ»ን አይንኩት። ከላይ ደርቆ ወይም ተቆርጦ ከሥሩ ለሚያቆጠቁጥ ተክል ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።

«ጥራጥሬ» ግን አልተመቸኝም። ጥራጥሬ ድስት ውስጥ የሚገባው ምስርና ሽምብራ ነው። የባቲ ሮቃም፣ ግራርም፣ ብርብራም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ማንም ጥራጥሬ አይላቸውም። «የአተር ዘመድ» ቢሉ ይበቃል። አበባውም የአተር አበባ ነው የሚመስለው፤ ሥሩም እንደ አተር ናይትሮጅን ለአፈሩ ይይዛል።

በመጨረሻ «ሌስፔዴዛ» ይሁን «ለስፐደዛ» ብለው ብዙ አይጨነቁ። ስሙ የወጣው ሴስፔዴስ ለሚባል የምሥራቅ ፍሎሪዳ የስፔን ገዥ መታሰቢያ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1803 ሲታተም የመጀመሪያዋ ፊደል ተሳስታ ወጣች፤ ሳይንቲስቶቹም እስከ ዛሬ አላረሟትም።