ሰው ቆሞ ስለያዘው የመኪና ማቆሚያ ቦታ

ወንድሜ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባዶ ቦታ አግኝተው ሊያቆሙ ሲሉ አንዲት ሴት መሐሉ ላይ ቆማ «ተይዟል፣ መኪናችን እየመጣ ነው» ስላለችዎት፣ ቦታው የማን እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት የጋራ ማቆሚያ ላይ ቦታ የሚይዘው መኪና እንጂ ሰው አይደለም፤ ቀድሞ ደርሶ ፍሬቻ ያበራው አሽከርካሪ ይቀድማል። ሆኖም መኪና ወደ ሰው እያስጠጉ ማስፈራራት ፈጽሞ አይገባም፤ በተለይ ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛው፣ ፍሬን ጥቂት ቢላላ የሚጎዳው የሰው እግር ነው። እኔም እንዲህ ገጥሞኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «እኅቴ፣ ምነው?» ብላት፣ መራመድ የተሳናቸው እናቷ እየመጡ መሆኑን ነገረችኝ፤ ለቅቄላት ራቅ ብዬ አቆምሁና ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቼ በእግሬ ተመለስሁ። ካልተግባባችሁ ግን ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ ጠርተው እሱ ይዳኛችሁ።