የቅንጬ አረም ጥንዚዛ ኑጌን ይበላብኛል?

ከራያ ቆቦ የጠየቁን አርሶ አደር እንዲህ ይላሉ፦ «ቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) የማሽላ ማሳዬንም ግጦሹንም ወረሰው። የላሞቼ ወተት መረረ፣ አረሙን ስነቅልም እጄን ያሳክከኛል። ዩኒቨርሲቲዎች አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ አመጡ ሲባል ሰማሁ። እኔም አምጥቼ ልልቀቅ? ከፍ ባለው መሬቴ ላይ ያለውን ኑግስ አይነካብኝም?»

ኑጉ ብዙ አያስጋዎት። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኑግ፣ ሱፍና ቅንጬ አረም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ለዚህም ነው ነፍሳቱ መጀመሪያ አምቦ በሚገኝ የኳራንታይን ቤት ተዘግቶባቸው ኑግን ጨምሮ በሰብሎቻችን ላይ የተፈተኑት። ተመራማሪ እዚያ የሚያየው እንቁላል ይጥላል ወይ፣ እጭ ተፈልፍሎ ያድጋል ወይ፣ ዘር ይተካል ወይ የሚለውን ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። በአሜሪካው ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተመራው ፕሮጀክት ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ይህን ጨርሶ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. ወለንጪቲ አካባቢ መልቀቅ የተጀመረው። ነፍሳቱ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጥንዚዛ ቅጠል ይበላል፣ የሌላኛው እጭ ግንዱን ውስጥ ለውስጥ ይቦረቡራል።

አምጥተው ይልቀቁ ወይ ላሉት ግን፣ በግልዎ አይሞክሩት። ቅጠል በሊው በጋውን አፈር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያልፈው። በየጊዜው የሚታረስ ማሳ አይመቸውም። ለእሱ የሚሻለው የመንገድ ዳር፣ የወል ግጦሽና ጠፍ መሬት ነው። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን በቀበሌው ባለሙያ በኩል ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ አካባቢያችሁ ለሙከራ ቢመጣ ደግሞ ግጦሹን ያሳዩአቸው፤ እነሱም የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

ማሽላው ግን ጥንዚዛ አይጠብቅም። ሐረርጌ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ አረሙ ሳይነቀል ከከረመ የማሽላ ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። አንድ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ይጥላል፣ ከበቀለ በአንድ ወር ከምናምን ውስጥም ያብባል። ስለዚህ ነጭ አበባው ሳይታይ፣ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲርስ ከነሥሩ ይንቀሉት። ከላይ ቢያጭዱት ከሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። እጅዎን በጓንት፣ ከጠፋም በፌስታል ይሸፍኑ፣ አፍንጫዎንም በነጠላ ይጋርዱ። ካበበ በኋላ ከነቀሉት ማሳው ውስጥ አይተዉት፣ ኮምፖስት ውስጥም አይጨምሩት፤ ደርቆ ይቃጠል።

ወተቱ የሚመረው ላሞቹ አረሙን ስለሚበሉ ነው። የሚበሉትም ሳር ሲያጡ ነው፤ ስለዚህ አረሙ ከበዛበት ግጦሽ ለጊዜው ያርቋቸውና ገለባ ይስጧቸው። ከሌላ ወረዳ ዘር፣ ድርቆሽ ወይም ኮምባይነር ሲመጣም መጀመሪያ ያስጠርጉት። ቅንጬ አረም መንገድ የሚያገኘው በዚህ ነው።